የበላዔ ሰብእ ፊት፦ ትረካው፣ የግድግዳ ሥዕሉና አንድ የጃፓን የእንጨት ኅትመት

በሥነ ቃል ክፍለ ጊዜ የበላዔ ሰብእ ታሪክ በተነሣ ቁጥር አንድ ጥያቄ መከተሉ የተለመደ ነው፤ 78 ሰው የበላ ሰው በጥርኝ ውሃ እንዴት ይድናል? ጥያቄው ከክፍል ውጭም የሃይማኖት ክርክር መነሻ ሆኖ የቆየ በመሆኑ፣ ተማሪው ታሪኩን ሰምቶ ሳይጨርስ ወይ ለመከላከል ወይ ለማጥቃት ይዘጋጃል። ትረካው እንደ ትረካ፣ ሥዕሉም እንደ ሥዕል ሳይታይ ደወል ይደወላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ክርክሩን መዳኘት አይደለም፤ እሱ የነገረ መለኮት ሊቃውንት ድርሻ ነው። እዚህ የሚነሣው የሐያሲ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የተበሉት ሰዎች በትረካውም ሆነ በሥዕሉ ውስጥ የት ተቀመጡ? የሚል ነው። ይህን ለመመርመር የአገራችንን ሥዕል ብቻውን ከማየት ይልቅ ተመሳሳይ ጉዳይ የያዘ የሌላ አገር ሥራ ከጎኑ አቁሞ ማየት ይጠቅማል። ለዚህም ጃፓናዊው ሠዓሊ ጹኪዮካ ዮሺቶሺ በ1885 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ሰው በላዋን አሮጊት የሚያሳየው የእንጨት ኅትመት ተመርጧል።

የበላዔ ሰብእ ታሪክ ምንጩ ተአምረ ማርያም ነው። መጽሐፉ በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ እንደ ተመለሰ፣ ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ እንዳደረጉ ይታወቃል። ይህ ታሪክ ግን ከመጽሐፉ ወጥቶ በቃል መነገር ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ከቤተ ክርስቲያን የዋለ ሰው ሳይሰማው አይመለስም። ቅምር በምትባል አገር አንድ ባለጸጋ ነበር፤ እንደ አብርሃም እንግዳ መቀበል የሚወድ። ሰይጣን በዚህ ቀንቶ በእንግዳ አምሳል መጣና ልጅህን እረድልኝ አለው። አረደ። ቅመስልኝ ተባለ፤ ቀመሰ። ከዚያ ወዲያ አእምሮው ተለወጠ፤ ሚስቱንና ቤተሰቡን በላ፤ ቀስቱንና የውሃ መያዣውን ይዞም ከቤቱ ወጣ። የበላቸው ሰዎች 78 ከደረሱ በኋላ በመንገድ ላይ ሰውነቱ በቁስል ያለቀ፣ ውሃ ጥም ያቃጠለው ለምጻም አገኘ። ለምጻሙ በእግዚአብሔር ስም ለመነው፤ እንቢ አለ። በጻድቃን በሰማዕታት ስም ለመነው፤ እንቢ አለ። በማርያም ስም ሲለምነው ግን ይህን ስም በልጅነቱ መስማቱን አስታውሶ ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በሞተ ጊዜ ነፍሱ በሚዛን ተመዘነች፤ 78ቱ ነፍሳት ሚዛኑን ደፉ፤ እመቤታችን ጥላዋን በውሃው ላይ ጣለች፤ ውሃው መዘነ።

የብዙ አስተያየት ሰጪዎች ዐይን የሚያርፈው በመጨረሻው ትዕይንት፣ በሚዛኑ ላይ ነው። የታሪኩ ቁስል ያለው ግን በመጀመሪያው፣ በቤቱ ደጃፍ ላይ ይመስለኛል። በደብረ ታቦር ዙሪያ ባለው ደጋ፣ በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በጋይንት ያደገ አንባቢ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» የሚለው ልመና ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይነገረውም። የደጋ ሌሊት ውጭ አያሳድርም። እንግዳው የእግዜር እንግዳ ተብሎ ይገባል፤ እግሩ ይታጠባል፤ ለልጆች የተቀመጠው እራት ለእሱ ይቀርባል። ስለዚህ በላዔ ሰብእን የጣለው ንፉግነቱ ሳይሆን ደግነቱ ነው። እንግዳን እንቢ ማለት ስለማይሆንለት ልጁን አረደ። ታሪኩ መስጠት የማይገባውን በሚጠይቅ እንግዳ ይከፈታል፤ ከሁሉ ያነሰውን፣ ማለትም ጥርኝ ውሃን፣ በሚጠይቅ መንገደኛ ይዘጋል። በሁለቱ መካከል ያለው 78 ሰው ነው። ትረካው እንዲህ በጥንቃቄ የተገነባ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይስተዋልም።

በሦስተኛው ልመና ላይ ጥቂት እንቆይ። ለምጻሙ የተጠቀመበት ቃል በአካባቢያችን በየቀኑ የሚሰማ ነው። የድጓ ምስክር የሚሰጥባት ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያዋ ዙር አምባ በዚሁ በደቡብ ጎንደር ይገኛሉ፤ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው የቆሎ ተማሪ የሚለምነው በትክክል በዚያ ለምጻም ቃል ነው። ቁራሽ የምትሰጠው ባልቴት በላዔ ሰብእን ባታስታውስም የታሪኩን አንድ ትዕይንት ደግማ መጫወቷ ነው። ቁስለኛና ውሃ የሚገናኙበት ትዕይንትም ለአገራችን ሰው ሩቅ አይደለም፤ በደራ ወረዳ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ፈውስ ፍለጋ የሚወርደውን ሕዝብ ያየ ሰው ያንን ለምጻም በዐይነ ኅሊናው ለመሣል አይቸገርም። ታሪኩ በቃል ረጅም ዕድሜ ያገኘው፣ በእኔ ግምት፣ ሰው መብላቱ ስላስደነቀ ብቻ አይደለም። ልመናው በየማለዳው በየደጁ ስለሚታደስ ነው።

በቃል ትረካችን ሰው የሚበላ ሌላም አለ፤ ጭራቅ። ጭራቅ ግን ስም የለውም፤ ልጅ አልነበረውም፤ ከምን ተነሥቶ ሰው መብላት እንደ ጀመረ ተረቱ አይጠይቅም፤ አድማጩም አይጠይቅም። ጭራቅ ተታሎ ይሸነፋል ወይም ይሞታል፤ ልጆቹ ያመልጣሉ፤ ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ ይባላል። በላዔ ሰብእ በአንጻሩ የኋላ ታሪክ ያለው ገጸ ባሕርይ ነው። በትውፊት ስሙን ስምዖን የሚሉት አሉ፤ በላዔ ሰብእ የሚለው ደግሞ ሰው በላ ማለት እንጂ የክርስትና ስም አይደለም። እንዲህ ከሆነ የቅርብ ዘመዱን ከጭራቅ ዘንድ መፈለግ አያዋጣም። ከባሕር ማዶ ቢፈለግ ይሻላል።

በጃፓን ዋና ደሴት ሰሜናዊ ክፍል፣ ዛሬ ፉኩሺማ በሚባለው ግዛት፣ አዳቺጋሃራ የሚባል ሜዳ አለ። እንደ አፈ ታሪኩ ኢዋቴ የምትባል ሞግዚት የምታሳድጋት የመኳንንት ልጅ ታመመችባት። መድኃኒቷ ያልተወለደ ፅንስ ጉበት ነው ተባለ። ሞግዚቲቱ የራሷን ትንሽ ልጅ ክታብ አስራላት ሄደች፤ በዚያ ሜዳ ላይ ጎጆ ይዛ ነፍሰ ጡር መንገደኛ የምታልፍበትን ቀን ትጠብቅ ጀመር። ዓመታት አለፉ። አንድ ምሽት ነፍሰ ጡር ሴት ከባሏ ጋር መጥታ ማደሪያ ለመነች። አሮጊቷ ባልየው በሌለበት ገደለቻት። ከሬሳው ላይ ያገኘችው ክታብ ግን ለልጇ ያሰረችው ነበር። አበደች፤ ከዚያም ወዲህ የመሸበትን እየተቀበለች የምትበላ ሆነች። ኖ በሚባለው ጥንታዊ የጃፓን ተውኔት ውስጥም ኩሮዙካ የተሰኘ፣ መነኮሳት በእሷ ጎጆ ሲያድሩ የሚገጥማቸውን የሚያሳይ ሥራ አለ። የሁለቱ ታሪኮች ቅርበት ግልጽ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ እንግዳ፣ የገዛ ልጅ መታረድ፣ የአእምሮ መለወጥ፣ ከዚያ ሰው መብላት በዚሁ ቅደም ተከተል ይመጣሉ። አንዱ ከሌላው ተወሰደ ለማለት አይደለም፤ ደጁን ለማያውቀው ሰው መክፈት ግዴታ በሆነበት አገር ሁሉ ይህ ፍርሃት ሊበቅል ይችላል።

ዮሺቶሺ (1839–1892 እ.ኤ.አ.) የታወቀው የኡታጋዋ ኩኒዮሺ ደቀ መዝሙር ነበር። በዚያ ዘመን የእንጨት ኅትመት የአንድ ሰው እጅ ሥራ አልነበረም። ሠዓሊው ንድፉን ያወጣል፤ ቀራጩ በሾላ ሳይሆን በጠንካራ የቼሪ እንጨት ላይ ይቀርጸዋል፤ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ገበታ ይዘጋጃል፤ አታሚው ወረቀቱን በገበታዎቹ ላይ በተራ እያስተኛ ያትማል፤ አሳታሚው ወጪውን ችሎ ለገበያ ያቀርባል። ሥዕሉ ለተራው የከተማ ሰው የሚሸጥ ዕቃ ነበር። የአዳቺጋሃራው ሥዕል ሁለት ወረቀቶች አንዱ ከአንዱ በላይ ተገጥመው የተሠራ በመሆኑ ቁመቱ ረጅም ነው። በላይኛው በኩል ነፍሰ ጡሯ ሴት አፏ ታፍኖ፣ ሆዷ ገፍቶ፣ የቁልቁሊት በገመድ ተንጠልጥላለች። ከበታቿ ደረቷ የተራቆተ፣ አጥንቷ የወጣ አሮጊት ቢላዋ ትስላለች። ደም የለም። ገና ምንም አልሆነም። መንግሥት ግን ሥዕሉን አግዶታል፤ የሚያስፈራው ያልተሣለው ነገር መሆኑን ከሳንሱር ሹሞቹ በላይ የመሰከረ ሐያሲ የለም ቢባል ያስኬዳል።

ሠዓሊው የመረጠውን ቅጽበት እንመልከት። የጃፓን ተመልካች አፈ ታሪኩን ያውቃል፤ የተንጠለጠለችው ልጅ፣ ከበታቿ ያለችው እናት መሆኗን ያውቃል። ሁለቱ ሴቶች ግን አያውቁም። ዮሺቶሺ ክታቡ ከመገኘቱ በፊት ታሪኩን አቁሞታል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ተመልካቹ ብቻውን ይሸከማል። የሥዕሉን ርእስም ልብ ይሏል፤ በአዳቺ ሜዳ ያለው ብቸኛ ቤት የሚል ነው። ገዳይዋን አይጠራም፤ ቤቱን ይጠራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የላይኛው ወረቀት፣ የተመልካች ዐይን ቀድሞ የሚያርፍበት ቦታ፣ ለምትታረደው ተሰጥቷል። አካል አላት፤ ክብደት አላት፤ የገመዱ መወጠር ክብደቷን ይናገራል። በአፈ ታሪኩ ውስጥ አሮጊቷ ከዚያ በኋላ የበላቻቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሥዕሉ ግን አንዷን ብቻ መርጦ ሙሉ ሰው አደረጋት። መምህሩ ኩኒዮሺ በቶኪዮ አሳኩሳ ለሚገኘው ለሴንሶጂ ቤተ መቅደስ የሣለው የስእለት ሥዕልም ተመሳሳይ የብቸኛ ቤት ታሪክ የያዘ ነው። በዚያኛው አፈ ታሪክ አሮጊቷ 999 እንግዶችን ገድላ ሺኛው ላይ ሳታውቅ የገዛ ልጇን ትገድላለች፤ ሺኛው እንግዳ ካኖን የተባለችው የምሕረት አምላክ ሆና ትገኛለች። የእኛው 78 እና የእነሱ 999 የአንድ ዓይነት ትረካ ቁጥሮች ናቸው። ቁጥር አስደናቂ ነው፤ ነገር ግን ፊት የለውም።

አሁን ወደ እኛው ግድግዳ እንመለስ። ክብ በሆነው ቤተ ክርስቲያናችን ሥዕሉ የሚገኘው በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ነው፤ በአብዛኛው በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። ተመልካቹ ሥዕሉን በእጁ አይዝም፤ በእግሩ ይዞረዋል። በጣና ሐይቅ ማዶ በዘጌ ልሳነ ምድር በሚገኘው በኡራ ኪዳነ ምሕረት በላዔ ሰብእ ከሌሎቹ የተአምር ትዕይንቶች ጋር ተሥሎ ይታያል። በዚህ የሥዕል ባህል አንድ ሰው በአንድ ሥዕል ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊሣል ይችላል፤ እዚህ የሰው ሥጋ ሲበላ፣ እዚያ ውሃ ሲያጠጣ፣ ወደ ላይ ደግሞ ሚዛኑ። ዮሺቶሺ አንድ ቅጽበት ነጥሎ ሌላውን ለተመልካቹ ሲተው፣ የእኛ ሠዓሊ ምንም አይተውም። ከፊተኛው ወንጀል እስከ መጨረሻው ፍርድ በአንድ ዐይን ጥቅሻ ይታያል። ለዚህም ነው የተበላው ሰው በሥዕላችን ውስጥ የመቆያ ጊዜ የሚያጥረው፤ ዐይናችን ከእጅና ከእግር ቁራጩ ቶሎ ተነሥቶ ወደ ውሃው፣ ከውሃው ወደ ሚዛኑ ይሄዳል።

ሠዓሊው ግን ከአንድ ውሳኔ ሊያመልጥ አይችልም። በሥዕል ልማዳችን ቅዱሳንና ደጋግ ሰዎች ሙሉ ፊታቸው፣ ሁለቱም ዐይናቸው ይሣላል፤ አጋንንትና ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዐይን ይሣላሉ። በላዔ ሰብእ የየትኛው ወገን ነው? ተራኪ ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ማቆየት ይችላል፤ ሠዓሊ ብሩሹን ባነሣበት ደቂቃ መመለስ አለበት። ውሃ ሲሰጥም በአንድ ዐይን ከተሣለ፣ ሥዕሉ ሰውየው እንዳልተለወጠና ምሕረቱ ከእሱ መለወጥ እንዳልመጣ ይናገራል። ሲበላ በአንድ ዐይን፣ ሲያጠጣ በሁለት ዐይን ከተሣለ፣ በጥርኝ ውሃው ቅጽበት ተመልሷል ማለት ነው። ሲበላም በሁለት ዐይን ከታየ ደግሞ ሠዓሊው ያንን የጥንቱን እንግዳ ተቀባይ፣ ሳያውቅ የተታለለውን አባት አልረሳውም። ሦስቱም በቃል ትረካው ውስጥ አቻ አላቸው። ውሃውን ሰጥቶ መሄዱን ብቻ የሚተርኩ አሉ፤ ከዚያ በኋላ ዋሻ ገብቶ፣ ምግብ ትቶ፣ በንስሐ ሞተ የሚሉ አሉ፤ የሰይጣንን ተንኮል አስረዝመው የሚተርኩም አሉ። እንግዲህ ሥዕሉ የመጽሐፉ ማስጌጫ ሳይሆን ከተለያዩት አተራረኮች አንዱን የመረጠ ንባብ ነው። ከሦስቱ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሁለተኛው ለስብከት ይመቻል፤ ሦስተኛው ያሳዝናል፤ የመጀመሪያው ግን ታሪኩ የያዘውን ጭካኔ ሳያለዝብ ያቆያል።

ሚዛኑ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይጠብቀዋል። የታሪኩ ማጠፊያ ጥላ ነው፤ ባህላዊ ሥዕላችን ደግሞ ጥላ አይሥልም። ብርሃኑ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ፣ ሁሉም ነገር እኩል የበራበት ዓለም ነው። (በጃፓኑም የእንጨት ኅትመት ልማድ ጥላ እምብዛም አይታይም፤ ሁለቱ ባህሎች በዚህ ይገናኛሉ።) እንዲህ ባለ ሥዕል ውስጥ ሠዓሊው ጥላውን የሚያስረዳው እመቤታችንን ወደ ሚዛኑ በማስጠጋት፣ በእጇ ወይም በልብሷ ነው። በቃል ሲነገር ረቂቅ የነበረው ነገር በግድግዳው ላይ አካላዊ ድርጊት ይሆናል፤ ጥላ የጣለች ሳትሆን እጇን የጫነች ትመስላለች። «ይህማ ሚዛን ማዛባት ነው» የሚለው የተማሪዎቻችን ቅሬታ ግማሹ ከትረካው ሳይሆን ከዚህ የሥዕል አስገዳጅነት የመጣ እንደሆነ ይሰማኛል።

በሌላው የሚዛን ወጭት ላይ ያሉትስ? ትረካው ከበላዔ ሰብእ ልጅ፣ ሚስትና ቤተሰብ በቀር የተበሉትን በቁጥር ያልፋቸዋል። ልጁ እንኳ አንዲት ቃል አይናገርም። አባቱ ይስሐቅን ሊሠዋ ከወጣው ከአብርሃም ጋር በእንግዳ ተቀባይነቱ ተነጻጽሮ ሳለ፣ ስለ እሳቱና ስለ እንጨቱ ጠይቆ ስለ በጉ ዝም ያላለው የይስሐቅ ጥያቄ ለዚህ ልጅ አልተሰጠውም። ይህ የትረካው ጉድለት ነው ብዬ እከራከራለሁ። ሠዓሊ በሚዛኑ ወጭት ውስጥ ባዶ ቦታ መተው ስለማይችል አንድ ነገር ማስቀመጥ ይኖርበታል። የሰው ራሶችን ደርድሮ ያስቀመጠ እንደሆነ፣ የቱንም ያህል ትንንሽ ቢሆኑ፣ ፊት ሰጣቸው ማለት ነው። የተራኪው 78 ቁጥር ሆኖ ሲቀር የሠዓሊው አምስት ስድስት ራሶች ሰዎች ሆነው ተመልካቹን ያዩታል። ለተበሉት ፍትሕ ከቃሉ ይልቅ ብሩሹ ቀርቧል የምለው ለዚህ ነው። ዮሺቶሺ አንዷን ትልቅ አድርጎ የሠራውን፣ የእኛ ሠዓሊ ብዙዎቹን ትንሽ አድርጎ ሊሠራው ይችላል።

ንጽጽሩ ሚዛናዊ አይደለም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንዱ ለጸሎት ቦታ የተሣለ ቅዱስ ሥዕል ነው፤ ሌላው ለገበያ የወጣ ወረቀት ነው። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ውጤቱም ይታያል። የጃፓኑ ሥዕል ገዢውን ማስደንገጥ ነበረበት፤ የእኛው ምእመኑን ማጽናናት አለበት። ለማጽናናት የተሠራ ሥዕል መጨረሻውን መደበቅ አይችልም፤ መጨረሻው ከታየ ደግሞ መካከሉ መቅለሉ አይቀርም። ሆኖም የምሕረት ታሪክ የሚመዝነው የተበደለው በመዘነ መጠን ነው። ሰባ ስምንቱ ቀላል ከሆኑ ጥርኝ ውሃውም ተአምር መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ለተበሉት ፊት የሰጠ ሠዓሊ ከአምልኮው ሥርዓት አልወጣም፤ እንዲያውም ታሪኩ የሚፈልገውን ክብደት አስቀምጦለታል።

ይህ ሁሉ ለትምህርት ክፍላችን የሚያስከትለው ሥራ አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ወደ እስቴ፣ ወደ ጋይንት፣ ወደ ደራ ወርደው ተአምራትን በቃል ይሰበስባሉ፤ ተራኪውን ይቀርጻሉ፤ ዕድሜውንና የትምህርት ደረጃውን ይመዘግባሉ። ተራኪው ታሪኩን ሲናገር በጣቱ ወደ ግድግዳው ቢያመለክት ግን ያ ጣት በጽሑፉ ውስጥ አይገባም። ጨርቁ ደግሞ በዝናብና በጢስ ይጎዳል፤ ጣሪያ ሲታደስ ይነሣል፤ በቦታው የሚሰቀለው የወረቀት ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቅዱስ ለብቻው ቆሞ የሚታይበት ነው፤ ትረካ የለውም። ወደ መስክ የሚወርድ ተማሪ ከድምፅ መቅጃው ጋር ፈቃድ ጠይቆ የሚከተሉትን ቢመዘግብ ለጊዜው ይበቃል፤ በላዔ ሰብእ ስንት ጊዜ እንደ ተሣለ፣ በየትኛው ትዕይንት በስንት ዐይን እንደሚያይ፣ ከሥዕሉ በላይ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምረው የግእዝ ጽሑፍ ምን እንደሚል፣ በሚዛኑ ወጭት ውስጥ ያሉት ራሶች ስንት እንደሆኑና ከመካከላቸው የሕፃን ራስ መኖር አለመኖሩን።